ከሰሊጥ የተሠራው ሰው

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ለመዳር ጎንደር ወጥቼ ነበር። ቆላ የለመደ ገላ በጥር ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የቀመሰው ያውቀዋል። ሁለት ጋቢ ደርቤ፣ ከአፍንጫዬ በቀር የሚታይ ነገር ሳልተው ነበር የሰነበትኩት። ሰርጉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ልጆቹ "አክስቴ፣ ዛሬ ማታ አደባባይ ላይ የሚታይ ነገር አለ፤ እቤት ተቀምጠሽ አትቅሪ" ብለው ጎትተው አወጡኝ።

የከተማው የበዓል ሰሞን ስለነበር መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ቆሎ ሻጩ፣ ፊኛ ሻጩ፣ ስልኩን ወደ ላይ ቀስሮ ራሱን የሚያነሳው ወጣት፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይገፋፋል። ፀሐይ እንደገባች አንድ ያላለቀ ፎቅ ግድግዳ ላይ ነጭ ብርሃን በራ። በብርሃኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቅ አለች። ወፈረች፣ ተጠማዘዘች፣ ዓሣ ሆነች፤ ዓሣው ጎማ ሆነ፤ ጎማው ተፈትቶ የሴት ሹሩባ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀለም እንደፈሰሰበት ወረቀት ተዥጎረጎረ። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ "መብራቱ ተበላሽቶባቸው ይሆን እንዴ?" አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ "የለም አባቴ፣ ሆን ብለው ነው" አልኳቸው።

አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ልጅ ወደኛ መጣና "እማማ፣ እንዴት አዩት?" አለኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጥፋቱ የጋቢው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ልጁ በትዕግሥት አስረዳኝ። የሙከራ አኒሜሽን ነው አለ፤ ታሪክ የለውም፤ ሥዕሉ እየተንቀሳቀሰ የሚሆነውን ይሆናል፤ ሲኒማ ቤት ለማይገባው ሕዝብ እንዲህ አደባባይ አውጥቶ ማሳየት ለአገራችን አዲስ ነገር ነው። ሲናገር ዓይኖቹ ያበራሉ። ደስ የሚል ልጅ ነው። "በርቱ" አልኩት። ወዲያው ግድግዳው ላይ መስመሯ ተሰብስባ ሰው ሆነች፤ ሰውዬውም ከቀኝ ወደ ግራ መራመድ ጀመረ።

ለልጆቹ በረደኝ አልኳቸውና ወደ ቤት ተመለስን። መብረዱስ በርዶኝ ነበር።

ለአገራችን አዲስ አይደለም ብዬ ልጁን ልከራከረው እችል ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት መተማ ዮሐንስ ላይ፣ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ግድግዳ ላይ፣ ከተማው ሁሉ ወጥቶ እየተመለከተ፣ ከሰሊጥ የተሠራ ሰው ተራምዷል። የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሠራሁም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ አልመጣልኝም ነበርና ጋሽ ኢድሪስ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ከወሎ መጥተው ከተማችን ላይ የከበሩ ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ ዘሃራ ከፎቶ ቤቱ ጎን ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ቤታቸው ከሱቆቹ ኋላ ነው። መተማን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሙቀቱን እንጂ ክረምቷን አይጠረጥርም። ሰኔ ሲገባ ተሰነጣጥቆ የከረመው ጥቁር አፈር ተገጣጥሞ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ያን ጊዜ ነው የቀን ሠራተኛው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር በጭነት መኪና እየተጫነ ለሰሊጥ አረም የሚወርደው። ወደ እርሻው ከመበተኑ በፊት ታዲያ ሁሉም ፎቶ መነሣት ይወዳል። ሐይቅና አውሮፕላን የተሣለበት ሸራ ነበረን፤ እሱ ፊት ይቆሙና ይነሣሉ። በፎቶው ጀርባ የቤቱን ማኅተም አደርግበታለሁ፤ እነሱም አገር ለሚገባ ሰው ሰጥተው ለእናታቸው ይልኩታል።

ደሳለኝን ያወቅሁት በዚህ ሰበብ ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። እንደሌሎቹ ደርቆ መቆም አይሆንለትም። "ተነቃነቅክ" ስለው ይስቃል፣ ሲስቅ እንደገና ይነቃነቃል። ጋሽ ኢድሪስ በሱዳን በኩል ያስመጧት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ስለነበረች ፊልም ይባክናል ብዬ አልሰጋሁም፤ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ አነሣሁት። ከሄደ በኋላ የቱ እንደሚሻል ለመምረጥ የካሜራዋን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ስጫነው ደሳለኝ በካሜራዋ መስታወት ውስጥ ራሱን ነቅንቆ ሳቀልኝ። ደንግጬ ካሜራዋን ልጥላት ምንም አልቀረኝ። ደግሜ ተጫንኩት፤ ደግሞ ሳቀ። የዚያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

በሌላ ቀን ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ በውጭው ግድግዳ ሥር አስሄድኩት። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበት፣ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ቁም እያልኩ አነሣሁት። ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ስለነበር ግራ እግሩን ሲያነሣ ወደ ውጭ ወርወር ያደርጋታል።

"እንደ ሙሽራ እኮ ነው የምታስሄጅኝ" አለኝ።

"ሙሽራ እንዲህ አይቸኩልም፤ ቀስ በል።"

"አንች እኮ ቁም፣ ሂድ ማለት ከአሠሪየ ትብሻለሽ።"

አራት ጊዜ ነው በጠቅላላው ያየሁት። በአራት ጊዜ ሰው ይወደዳል ከተባለ ወድጄዋለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወደ ሽንፋ በኩል ወዳለ እርሻ ሄደ።

እኔ ደግሞ ነገሩ ልቤን ነሥቶኝ ቀረ። በመጀመሪያ በእርሳስ ልሥለው ሞከርኩ፤ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መሣል እንደማልችል ወዲያው ገባኝ። ከዚያ አንድ ቀን ለናሙና የመጣ ሰሊጥ ጥቁር ላስቲክ ላይ ተደፋ። ላፍሰው ብዬ በጣቴ ስገፋው መስመር ሆነ፤ መስመሩን ሳስተካክለው ትከሻ መሰለ። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራዋን ከጣራው ማገር ላይ አስሬ፣ ላስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ወጥሬ፣ ሰሊጡን በዶሮ ላባ ትንሽ እየገፋሁ አነሣለሁ፣ ትንሽ ገፍቼ አነሣለሁ። ሰውዬውን የማስሄደው የደሳለኝን ፎቶዎች ከጎኔ ደርድሬ እያየሁ ነበር። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ላባዋ በግራ እጄ ስለሆነች ከቀኝ ወደ ግራ መሳብ ይቀለኛል። ሰውዬው ወደ ግራ የሄደው ሌላ ምክንያት ኖሮት አይደለም።

በመተማ ሙቀት ማራገቢያ አጥፍቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ማራገቢያው ከበራ ሰሊጡ ይበተናል። ካጠፋሁት ላቤ ይንጠባጠብበትና ፍሬው ላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። ትንፋሼን ይዤ፣ ግንባሬን በነጠላ አስሬ ነበር የምሠራው። እትዬ ዘሃራ በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በበሩ ሥር አሾልከው ይሰጡኛል። ጋሽ ኢድሪስ እብድ መቅጠራቸውን ለደንበኛ ሁሉ ይናገራሉ፤ ግን በኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን በፍጥነት ተከታትለው እንዲያልፉ አድርጌ ያሳየኋቸው ቀን "ወላሂ፣ ይሄዳል!" ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ።

በጎረቤት በኩል ወሬው ማዘጋጃ ቤት ደረሰ። ሰሊጡ ሲገባ ኅዳር ላይ ከተማው በዓል ሊያደርግ አስቦ ኖሮ አንድ ኃላፊ መጣ። አየና "ጥሩ ነው፤ ትራክተር አለበት?" አለኝ። የለበትም። "ልማት ነክ እንዲሆን ትራክተር ብታስገቢበት" አለኝና ጨመርኩለት፤ ከሰሊጥ ትራክተር መሥራት ከሰው ይልቅ ይቀላል። ፕሮጀክተር ከማዘጋጃ ቤት፣ ጀነሬተር ከጋሽ ኢድሪስ ሆነ፤ ቦታው በዋናው መንገድ ዳር ያለው የትልቁ መጋዘን ነጭ ግድግዳ።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ሠራተኛ ፎቶ ቤቱ ገባ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ቆመ። የደሳለኝ የአገር ልጅ ነው። ደሳለኝ ያልወሰደው አንድ ፎቶ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለምን ይልክብኛል፣ ራሱ አይመጣም ወይ ብዬ ቀለድኩ።

"ሞተ እኮ" አለኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ትኩሳት ያዘው፤ ሆዱ አበጠ። በትራክተር ተጎታች ጭነው ሽንፋ አደረሱት። ሳያድር ሞተ፤ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። የአገሩ ልጅ ፎቶውን የሚፈልገው ሥራ ሲያልቅ አገር ገብቶ ለዘመዶቹ ሲያረዳ ምልክት እንዲሆነው ነበር። ሰጠሁት። መንደሩን ለጋሽ ኢድሪስ ነገራቸውና ወደ አብርሃ ጅራ ለአጨዳ ሄደ።

ብዙ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ የፊልሙን መጨረሻ ሠራሁ። ሰውዬው መሐል ሜዳ ይቆማል፣ ዱላው ከትከሻው ይወርዳል፤ ከእግሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይበተናል፤ ግድግዳው ጥቁር ይሆናል። ከሠራሁት ሁሉ እሱ ብቻ ነበር እውነተኛው ማለት እችላለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ፊልሙን በጨረስኩ በሳምንቱ እማማ ያልጋነሽ መጡ።

ከጭነት መኪና ጋቢና ወርደው ቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ነው የመጡት። እርጅና ያጎበጣቸው ሴትዮ አይደሉም፤ ደርባባ፣ ቀልጣፋ፣ ጥቁር ነጠላ ሳይሆን ነጭ የለበሱ። ፎቶ ከጉያቸው አውጥተው ገለበጡና ማኅተማችንን አሳዩኝ። "በዚህ አስነብቤ ነው የመጣሁት። ይኸን ልጅ እናንተ ናችሁ ያነሣችሁት? እኔ እናቱ ነኝ። ለመስቀል እመጣለሁ ብሎኝ ነበረ" አሉኝ።

ጋሽ ኢድሪስ ከውስጥ ሰምተው ወጡና በእርጋታ ተቀበሏቸው። "እናታችን፣ ሠራተኛ ከእርሻ እርሻ ይዞራል። አብርሃ ጅራ ሄዷል ሲሉ ሰምተናል። እስኪገኝ እኛ ቤት ይረፉ" አሏቸው። እኔን ወደ ጓዳ ወሰዱኝ።

"ንግሪያት ልትዪኝ ነው?" አሉኝ።

"እናቱ እኮ ናት!"

"እናቱ ስለሆነች ነው። መርዶ ሱቅ በራፍ ላይ አይነገርም፣ ትርንጎ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በአገሯ፣ ሰው ይዟት ነው የሚነገራት። እዚህ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? እኔ ወንድሟ አይደለሁ። ዘመዶቿ መጥተው እስኪወስዷት እንጠብቅ።"

አሁንም አልፈርድባቸውም። ሕጉ የኛም የሁላችንም ነው፤ የተሠራውም ለርኅራኄ ነው። ጋሽ ኢድሪስ በዚያው ቀን ሰሊጥ ጭኖ በሚወጣ ሾፌር የልጁን ሞት ለመንደራቸው ላኩ፤ የእማማ ያልጋነሽ ወንድም ቶሎ እንዲደርስ። ስልክ እንዳሁኑ በየኪሱ አልነበረም።

እማማ ያልጋነሽ በእትዬ ዘሃራ ቤት ዐሥር ቀን ያህል ተቀመጡ። በመጀመሪያ ይዘው የመጡትን በሶ ብቻ ይበሉ ነበር፤ ኋላ ፉሉን ወደዱት። "ባቄላው እኮ የኛው ነው፣ ስሙን ነው የለወጣችሁት" ይላሉ። ሥራ መፍታት አይችሉም። ሰሊጥ ከጎኔ አይተው ሰፌድ አመጡና ጥቁር ጥቁሩን ፍሬ እየለቀሙ ያወጡልኝ ጀመር።

"ልትበይው ነው እንዲህ የምታጠሪው?"

"ሥዕል የምሠራበት ነው፣ እማማ።"

"በእህል ሥዕል? በኛ አገር ብትሆኝ ትገረፊ ነበረ።" ይስቁና ይለቅማሉ። የሳቃቸው ነገር ቁርጥ ደሳለኝ ነው።

በየማለዳው መንገዱ ዳር ይወጣሉ። ከአብርሃ ጅራ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር የሚወርደውን ሠራተኛ አንድ በአንድ ያያሉ። ተመልሰው ይገቡና "ዛሬም አልመጣ" ይሉኛል፣ እኔ ያዘገየሁት ይመስል። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሳቸው ደጅ ተቀምጠው ለበዓሉ ነጠላቸውን ሲያጥቡ፣ ፊልሙን ከፍቼ መጨረሻውን አየሁት። እግሩ ሲበተን፣ ወገቡ ሲበተን። እኚህ ሴት ይህን ሊያዩ ነው። ሥዕል ነው አይገባቸውም ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ቆርጬ አወጣሁትና በቦታው ሰውዬው ዱላውን እንዳጋደመ በግድግዳው ጫፍ በኩል ሄዶ የሚወጣበትን፣ ቀድሞ ሠርቼ ያስቀመጥኩትን፣ አስገባሁ። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀብኝም። ቅልል አለኝ፤ ያን ዕለት በደንብ በላሁ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ መቅለሉ ነው።

በዓሉ ደረሰ። በቀን ከበሮውም ንግግሩም አለፈ፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሕዝቡ መጋዘኑ ፊት ለፊት ተሰበሰበ። አቧራውና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ተቀላቅሏል። ነጋዴው ወንበር ይዞ፣ ሠራተኛው ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ፣ ልጆች ትራክተር ላይ ወጥተው። እማማ ያልጋነሽ ያጠቡትን ነጠላ ለብሰው ከእትዬ ዘሃራ ጋር ከፊት ተቀመጡ። ጀነሬተሩ ተነሣ፣ ግድግዳው በራ።

መጀመሪያ ፍሬ ብቻ ነበር፣ እንደ ዝናብ የሚወርድ። ሕዝቡ "ሰሊጥ ነው! ሰሊጥ ነው!" አለ። ፍሬው ተሰብስቦ ሰው ሲሆን ጸጥ አለ። ሰውዬው ዱላውን አጋድሞ መሄድ ጀመረ፤ ቁመቱ ከመጋዘኑ በር ይበልጣል። ሰሊጥ በእግሩ ሥር በቀለ፣ አበበ፣ ትራክተሩ አለፈ፤ ለትራክተሩ ተጨበጨበ። ሰውዬው ግን ይሄዳል፤ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ወርወር እያደረገ ይሄዳል።

እማማ ያልጋነሽ ተነሥተው ቆሙ። ከኋላ "ቁጭ በሉ!" የሚል ጩኸት መጣ። አልሰሙም። ከዚያ እልል አሉ። "ደሳለኝ! የኔ ጌታ! ይኸው መጣ!" አሉና እልልታውን አቀለጡት። ሕዝቡ የበዓሉ አካል መስሎት ተቀበላቸው፤ ሴቱ ሁሉ እልል፣ ወንዱ ጭብጨባ። ልጃቸውን በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሐል ሸኙት። ሰውዬው በግድግዳው ግራ ጫፍ በኩል ወጣና ሄደ።

መንገዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። መጋዘኑን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ግራው ምዕራብ ነው፤ በምዕራብ በኩል ድልድዩ አለ፣ ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው፣ ሱዳን ነው። ይህን የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ስሠራው በጠረጴዛዬ ላይ ግራና ቀኝ እንጂ ምሥራቅና ምዕራብ አልነበረም። አጠገቤ የነበረ አንድ ሠራተኛ ለጓደኛው "አየኸው፣ ገዳሪፍ ገባ" ሲለው ነው የነቃሁት።

እማማ ያልጋነሽ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጥተው ሁለት እጄን ያዙኝ።

"አንች ትርንጎ፣ መቸ አየሽው?"

"እማማ፣ ሥዕል እኮ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ሥዕል መሆኑንማ አየሁ፣ ዓይን አለኝ። ያችን እግሩን ከየት አመጣሻት? ሳያዩ ይሣላል?"

"አይቼዋለሁ።"

"መቸ?"

ሐምሌ ማለት ነበረብኝ። "በቅርቡ" አልኩ።

"በሰላም ነው? አልከሳም?"

"ደህና ነው።"

"ወዴት ሲሄድ ነው ያየሽው?" መልስ አልጠበቁም፤ ራሳቸው ዞረው ወደ ድልድዩ አዩ። "ወዲያ ነው? ወዲያ ማዶ ነው የሄደው?"

ራሴን ነቅንቄያለሁ። ለብዙ ዓመት አልነቀነቅኩም እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ፤ ነቅንቄያለሁ። ሳሙኝ። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ሳሙኝ። "ይኸን እጅሽን እግዜር ይባርከው" አሉኝ።

ያኔም ጊዜ ነበረኝ። ያን ምሽት እራት አብረን በላን፤ እሳቸው ሲያወሩ፣ ደሳለኝ ከዛፍ የወደቀ ጊዜ እንዴት እንደተሸከሙት ሲነግሩኝ፣ ጋሽ ኢድሪስ ከገበታው ማዶ ሆነው በዓይናቸው ዝም በይ ይሉኛል። ወንድማቸው ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይደርሳሉ። አንድ ቀን ነው የቀረው ብዬ ዝም አልኩ።

ጠዋት መኝታቸው ተጣጥፎ ተገኘ። በሶአቸውን ይዘዋል፣ ፎቶውን ይዘዋል። ድልድዩ ጋ ሮጥን። ለሥራ የሚሻገር ሠራተኛ በየጠዋቱ በገፍ ያልፍ ነበርና ማንንም የሚጠይቅ የለም። በራኩባ፣ በሣር ዳስ፣ ጥላ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት አይታቸዋለች። "ፎቶ የምታነሣዋ ልጅ ልጄን አይታዋለች፣ ላመጣው ነው አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር" አለችኝ።

ወንድማቸው የደረሱት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ከመኪና መኪና እየተሳፈሩ አራት ቀን ተጉዘው። ሊያረዱ የመጡ ሰዎች ስለሆኑ አነጋገራቸው ሁሉ ዝግ ያለ ነበር፤ የት ብናስቀምጣት ይሻላል፣ ማን በየት በኩል ይይዛታል ብለው ሳይቀር ተማክረዋል። ጋሽ ኢድሪስ የሆነውን ነገሯቸው። ወንድማቸው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ "እንግዲህ ለማን ላርዳ?" አሉ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ ማን እንደሆንኩ እንኳን አያውቁም።

ጋሽ ኢድሪስ ወዲያ ማዶ በሚያውቋቸው ነጋዴዎች ሁሉ አፈላለጉ። ገላባት ገበያ ላይ ፎቶ ይዛ የምትጠይቅ ሐበሻ ሴት ታይታለች ተባለ። ቀጥሎ ከሠራተኞች ጋር ተጭና ወደ ገዳሪፍ ሄዳለች ተባለ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። በቀጣዩ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ እኔን ሳይጠይቅ ፊልሙን ደግሞ አሳየው። እቤቴ ሆኜ በጭብጨባው ትራክተሩ ጋ መድረሱን አወቅሁ፤ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አጠፋሁ፤ እነሱ ዘንድ የቀረውን ዲስክ ምስጥ ይብላው ሌላ ይብላው አልጠየቅሁም። ጋሽ ኢድሪስ ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው ነው። ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አንሥተን አናውቅም።

ከጎንደር ሰርግ ከተመለስኩ ይኸው ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። መተማ አሁንም ፎቶ ቤት አለኝ፤ ሐይቅና አውሮፕላን የለም፤ ሁሉም በስልኩ ነው የሚነሣው፤ ከእኔ ዘንድ የጉርድ ፎቶ ብቻ ቀርቶኛል። በወዲያ በኩል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በድልድዩ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሱዳኑም፣ እዚያ ኖሮ የሚመለሰው የኛም ሰው። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ሱቄን ዘግቼ እወርዳለሁ። አሮጊት ሳይ ጠጋ ብዬ ፊቷን አያለሁ። እማማ ያልጋነሽ ብትኖር ሰማንያ ዓመት ይጠጋታል፤ እንደማላገኛት አውቃለሁ፤ አብዳ ወይ ደኽይታ ከአንዱ አጥር ሥር ሞታለች፣ የሚያለቅስላት ሰው ሳይኖር። ልጇም እሷም ያለ ለቅሶ ቀሩ። ያ የጎንደር ልጅ ሥዕሉ ታሪክ የለውም ሲለኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ታሪክ ባይኖረው ይሻላል።

ብትመጣ የምነግራትን አዘጋጅቻለሁ። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ጎህ እስኪቀድ አልጠብቅም፤ አቧራው ላይ፣ ሰው መሐል፣ እጇን ይዤ እነግራታለሁ። እማማ ያልጋነሽ፣ ደሳለኝ ሞቷል፤ መስከረም ላይ ሽንፋ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል፤ እርስዎ ሳይመጡ በፊት አውቅ ነበር። አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩት፤ ለእሷ አልነገርኳትም።